ማርክ ሚላር ጸሐፊ ነው ወይስ አስተዋዋቂ?

ጥያቄ፦ «እኔና የአጎቴ ልጅ ኮሚክ አብረን ነው የምናነበው። እሱ ማርክ ሚላርን ‹ጸሐፊ ሳይሆን አስተዋዋቂ ነው› ይለዋል። ቶም ኪንግንም ‹የሲአይኤ ታሪኩን እየሸጠ ነው የሚኖረው› ይላል። አለን ሙር ግን ስለ ራሱ ሳያወራ ነው ትልቅ የሆነው ብሎ ይሞግተኛል። እኔ ሚላርን እወደዋለሁ፤ ሲፎክር ሳየው ግን አፍርበታለሁ። የአሁኖቹ ጸሐፊዎች እውነት ጎበዝ ናቸው ወይስ ራሳቸውን መሸጥ ነው ያወቁበት? አንባቢስ በምን ይለያቸው?»

መልስ፦ ሚላር ፎካሪ ነው፤ ጸሐፊም ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አለን ሙር ስለ ራሱ አያወራም የሚለው ግን ተረት ነው፤ እመለስበታለሁ። ጸሐፊው ምን ያህል ይጮኻል ብሎ መለካት የትም አያደርስም። እኔ የማየው ሲጮኽ አብሮት የሠራውን ሠዓሊ ስም ይጠራል ወይስ ይውጠዋል የሚለውን ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል እንዲገባህ መጀመሪያ ኮሚክ እንዴት እንደሚሸጥ ልንገርህ። በአንድ የኮሚክ ሱቅ ውስጥ የወሩን ትዕዛዝ የምሞላው እኔ ስለሆንኩ ይህ ጉዳይ እንጀራዬ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በየሳምንቱ የሚወጣው ቀጭኑ ኮሚክ እንደ ጋዜጣ ያልተሸጠው ለአሳታሚ የሚመለስ አይደለም። ሱቁ ከሽፋን ዋጋው ግማሽ ገደማ ከፍሎ ይገዛል፤ ካልተሸጠለት ኪሳራው የራሱ ነው። ትዕዛዙ የሚጀመረው መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ሲሆን የታዘዘውን ብዛት ለማስተካከል የሚፈቀደው የመጨረሻ ቀን ከመውጫው ሦስት ሳምንት አካባቢ ሲቀር ይዘጋል። ያን ጊዜ ፊቴ ያለው የሽፋን ሥዕል፣ ሦስት አራት መስመር መግለጫ፣ የጸሐፊና የሠዓሊ ስም፣ ከዚያ ዋጋ ነው። ታሪኩን ያነበበ ሰው የለም። አምስት ልዘዝ ወይስ ሃያ አምስት? አሳታሚው ሃያ አምስት ካዘዝክ አንድ ልዩ ሽፋን ያለው ቅጂ እሰጥሃለሁ እያለ ያባብለኛል፤ ሃያዎቹ መደርደሪያ ላይ ቢቀሩብኝ ግን እሱ ጉዳዩ አይደለም።

ይባስ ብሎ የአንድ ተከታታይ ኮሚክ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቁጥር (እትም) የመጀመሪያ ትዕዛዝ የሚሞላው አንደኛው ቁጥር እጅህ ሳይገባ ነው። አንተ መጽሐፉ በወጣ ቀን መጥተህ ከመደርደሪያ ስትገዛ የምትጠቅመው ሱቁን ነው፤ አሳታሚው ሽያጩን ከጨረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ጸሐፊው «ለሱቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ» እያለ ሲለምን ብታየው አትታዘበው። ያ ልመና ከሌለ እኔ ጋ የሚደርስ ምንም ምልክት የለም፤ ሦስት አዝዤ አልፋለሁ።

የክፍያውም ነገር አለ። ለሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ አሳታሚዎች፣ ለማርቭል ወይም ለዲሲ፣ የሚጽፍ ሰው በገጽ ይከፈለዋል፤ ባይሸጥም የገጹን ያገኛል። ኢሜጅ የሚባለው አሳታሚ፣ በ1992 (እዚህም ሆነ በጽሑፉ ሁሉ ወሩም ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጆቹ ነው) ከማርቭል የወጡ ታዋቂ ሠዓሊዎች የመሠረቱት፣ አሠራሩ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር የተቆረጠ ድርሻውን ይወስድና የተረፈውን ለፈጣሪዎቹ ይተዋል። የተረፈ ከሌለ ግን ሠዓሊው ለወር የደከመበት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዝም ማለት ጨዋነት ሳይሆን የባልደረባን ደመወዝ መከልከል ነው።

እሺ፣ ማስታወቂያው ግድ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ ጸሐፊው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ሠዓሊ በቀን አንድ ገጽ ከጨረሰ ጎበዝ ነው፤ አንድ ቁጥር ደግሞ ሃያ ገጽ አካባቢ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከጠረጴዛው አይነሳም። ጸሐፊ በአንድ ወር ሦስት አራት ርዕስ ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያም ተርፎት ቃለ ምልልስ ይሰጣል። ማይክሮፎኑ እጁ ባዶ የሆነው ሰው ጋ ይሄዳል። ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ሲቀጥል አንባቢው «የእገሌ ባትማን» እያለ በጸሐፊው ስም ብቻ መጥራት ይለምድና ሠዓሊው እንደ ማተሚያ ቤት ይቆጠራል። የእኔ ቅሬታ ይሄ ነው።

ይህንን ያመጡት የዘመኑ ልጆች አይደሉም። የማርቭል ጸሐፊና አዘጋጅ የነበረው ስታን ሊ በ1960ዎቹ ለባልደረቦቹ ቅጽል ስም እያወጣ፣ ሠዓሊውን ጃክ ከርቢን «ንጉሡ» እያለ፣ በመጽሐፎቹ ውስጥ ከአንባቢው ጋር እንደ ጓደኛ ያወጋ ነበር። ከ1967 ጀምሮ የራሱ ዓምድም ነበረው። ለፍትሕ ያህል፣ የሠዓሊውንም፣ ንግግሩን በእጁ የሚጽፈውን የፊደል ጻፊውንም ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስፈርን ማርቭል ውስጥ ልማድ ያደረገው እሱ ነው። ችግሩ የማን ስም በየትኛው የሥራ ድርሻ ሥር ተጻፈ የሚለው ላይ ነው።

የከርቢን ዋና ገጾች፣ ማለት እርሳስና ቀለም ያረፈባቸውን ወረቀቶች፣ ዛሬ በኤግዚቢሽንና በጨረታ ማየት ይቻላል። ከሥዕሉ ሳጥኖች ውጭ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በከርቢ እጅ የተጫሩ ማስታወሻዎች አሉ፤ ይሄኛው ለምን እንደሚሮጥ፣ ያኛው ምን እንዳሰበ፣ አንዳንዴም ምን ብሎ እንደሚመልስ። የማርቭል አሠራር እንደዚያ ነበር፤ ስለ ታሪኩ ባጭሩ ይነጋገራሉ፣ አንዳንዴ በስልክ፣ ከዚያ ሠዓሊው ታሪኩን በገጾች ላይ ዘርግቶ ያመጣል፣ ስታን ሊ መጨረሻ ላይ አረፋዎቹ ውስጥ ንግግሩን ይሞላል። መጽሐፉ ሲታተም ጠርዙ አይታይም። አንባቢው የሚያየው በብዙዎቹ ላይ «ጸሐፊ፦ ስታን ሊ» የሚለውን ነው። ታሪኩን ማን ጻፈው ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ያንን ጠርዝ ካየሁ በኋላ ስታን ሊ ብቻውን ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ንግግሩ ግን የእሱ ነው፤ ያ ለዛ፣ ጀግኖቹ እርስ በርስ የሚነታረኩበት ያ ቀልድ፣ ከርቢ ብቻውን በጻፋቸው መጽሐፎች ውስጥ አታገኘውም።

ከርቢ በ1970 ማርቭልን ትቶ ዲሲ ገባ። በ1972 «ሚስተር ሚራክል» በሚለው መጽሐፉ ስድስተኛ ቁጥር ላይ ፈንኪ ፍላሽማን የሚባል ገጸ ባሕርይ አመጣ፤ ዊግና የተለጠፈ ጺም ያደረገ፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ፣ በሰው ድካም የሚኖር ሰው። ማንን ለማለት እንደሆነ ለማንም አልጠፋም። ከርቢ በ1994 ሞተ። ቤተሰቡ ከማርቭል ጋር የተስማማው በ2014 ነው፤ ስሙ ከስታን ሊ እኩል እንደ ፈጣሪ በየመጽሐፉ መስፈር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። የስታን ሊ ማስታወቂያ ማርቭልን አቆመ፤ ሂሳቡን ለሃምሳ ዓመት የከፈለው ሌላ ሰው ነበር።

አሁን ሚላር። የስኮትላንድ ልጅ ነው፣ ከኮትብሪጅ። ወሬ መንዛት ይችልበታል። በ2003 ኦርሰን ዌልስ በ1940ዎቹ የባትማን ፊልም ሊሠራ ነበር የሚል ታሪክ ፈጥሮ በዓምዱ ላይ ጻፈና ስንቱን ሰው አሳመነ። የአጎትህ ልጅ «አስተዋዋቂ» ሲለው ከዚህ አይነቱ ነገር ተነስቶ ከሆነ አልፈርድበትም።

ግን ሥራውን እንይ። ሚላር ታሪክን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስያዝ ላይ ከዘመኑ ጸሐፊዎች የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ሱፐርማን ካንሳስ መውደቁ ቀርቶ ሶቪየት ኅብረት ቢወድቅስ? ያ «ሬድ ሰን» ነው፣ 2003። ምንም ኃይል የሌለው ተማሪ ልብስ አሰፍቶ ወንጀለኛ ልያዝ ብሎ ቢወጣና አጥንቱ ቢለቀምስ? ያ «ኪክ-አስ» ነው፣ 2008። ባለ ጥፍሩ የማርቭል ጀግና ዎልቨሪን አርጅቶ ጥፍሩን ላለማውጣት ቢምልስ? «ኦልድ ማን ሎጋን»። ይሄንን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ «ይሄማ የፊልም ሐሳብ ነው» ይላሉ። እስቲ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሦስት አምጡ ብትላቸው ግን ዝም ነው። ሐሳብ ማስያዝ የእጅ ሥራ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አፍ ነው የሚያወሩት፤ አያቱም ልጁም ገዳዩም ያንኑ ስላቅ ይጠቀማሉ። ጭካኔን ታሪኩ ሳይጠይቀው ለማስደንገጥ ብቻ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቸኩላል፤ ከስድስት ቁጥር አራቱን በደስታ አንብበህ ስድስተኛው ላይ ግርግር ብቻ ይሆንብሃል። ይህን የምለው መጽሐፎቹን አንብቤ ነው። ፉከራውን ሰምቶ ብቻ «ባዶ ነው» የሚል ሰው ፉከራውን ሰምቶ ብቻ «ሊቅ ነው» ከሚለው በምን ይሻላል?

በእኔ መለኪያ ሚላር የሚያልፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የራሱ በሆኑት ርዕሶች ላይ ሠዓሊው እኩል ባለቤት እንዲሆን ያደርጋል። ኪክ-አስ የሚላርና የጆን ሮሚታ ጁኒየር ነው፤ «ዘ ሲክሬት ሰርቪስ»፣ ኪንግስማን ተብሎ ፊልም የሆነው፣ የሚላርና የዴቭ ጊበንስ ነው። ሲፎክርም እነሱን ይዞ ነው የሚፎክረው፤ «የዓለም ምርጥ ሠዓሊ አለኝ» ማለት ልማዱ ነው፣ በየመጽሐፉ የተለየ «የዓለም ምርጥ» ቢሆንም። ኔትፍሊክስ በ2017 የሚላርን ድርጅት ሚላርዎርልድን ሲገዛ፣ ኔትፍሊክስ በታሪኩ የገዛው የመጀመሪያው ድርጅት ነበር፣ ከጀርባው የነበሩት ሥራዎች በሁለት ሰው የተሠሩ ነበሩ። የማስታወቂያን ልክ ደግሞ እዚያው ታየዋለህ። ከሚላር ኮሚክ የተሠራው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም «ጁፒተርስ ሌጋሲ» በግንቦት 2021 በከፍተኛ ግርግር ወጣ፤ ወር ሳይሞላው አይቀጥልም ተባለ። ጩኸት በር ያስከፍታል እንጂ ተመልካቹን ወንበሩ ላይ አስሮ አያቆይም። 

አለን ሙር ጋ እንምጣ። «ዋችመን»ን ከዴቭ ጊበንስ ጋር የሠራው ሰው ነው፣ ከ1986 እስከ 1987። ከዲሲ ጋር የነበራቸው ውል መጽሐፉ ኅትመቱ ሲቆም መብቱ ወደ ሁለቱ ይመለሳል ይል ነበር፤ ዲሲ ግን እስከ ዛሬ ማሳተሙን አላቆመም፤ መብቱም አልተመለሰም። ሙር ተቆጣ፣ ከድርጅቱ ጋር ተለያየ። ሌላው ሥራው «ቪ ፎር ቬንዴታ» ፊልም ሲሆን ስሙ እንዲሰረዝ አደረገ፣ የዋችመን ፊልም ላይም ስሙ የለም፣ ገንዘቡንም እኔ አልፈልግም፣ ለሠዓሊዎቹ ይሰጥ አለ። ለዚህ አከብረዋለሁ፤ ከርቢ ላይ የደረሰው ነገር ቂም ያስያዘው ጸሐፊ ይመስለኛል።

ራሱን አያስተዋውቅም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አርባ ዓመት ሲሞላው አስማተኛ ሆኛለሁ ብሎ ያወጀ፣ ግሊኮን የሚባል የጥንት የእባብ አምላክ አመልካለሁ የሚል፣ በ2007 በሲምፕሶንስ ካርቱን ላይ ራሱን ሆኖ የቀረበ፣ ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰው ነው። ቃለ ምልልሱም ረጅም ነው፣ ያውም ጣፋጭ። ገበያውን አልፈልግህም ማለቱ ራሱ የትኛውም አሳታሚ በገንዘብ የማይገዛው ማስታወቂያ ሆኖለታል። አስቦበት ነው አላልኩም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ልብ በል፣ ይህን ማድረግ የሚችለው ዋችመንን ቀድሞ የጻፈ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ የመጣ ልጅ «እኔ ቃለ ምልልስ አልሰጥም» ቢል ሦስት ቅጂ አዝዤለት አልፋለሁ።

ዝምታን አስቦበት የተጠቀመ ካስፈለገህ ሮበርት ከርክማን አለልህ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን በሐምሌ 2019 በ193ኛው ቁጥር ላይ ለማንም ሳይናገር ጨረሰው። አንባቢ እንዳይነቃ ገና ይወጣሉ ለተባሉት ቀጣይ ቁጥሮች ጭምር የውሸት ሽፋን አስተዋውቆ ነበር። ሱቆች የመጨረሻው መሆኑን ስለማያውቁ እንደወትሮው አዘዙ፣ ወሬው ሲፈነዳም መጽሐፉ ከየቦታው ጠፋ። ለታሪኩ ያማረ አጨራረስ ነበር። ለእኛ ለሻጮቹ ስለመሆኑ አትጠይቀኝ።

ቶም ኪንግ እውነትም ሲአይኤ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ዲሲም ይህንን ደጋግሞ ይጠቅሰዋል። «ዘ ሸሪፍ ኦፍ ባቢሎን» ላይ ተገቢ ነው፤ ታሪኩ ባግዳድ ውስጥ ነው፣ እሱም ኢራቅ ነበር፣ ገጹ ላይም ይታወቃል። ባትማን ላይ ሲለጠፍ ግን ጌጥ ነው። ችሎታውን ማየት ከፈለግህ ሲአይኤውን ተወውና ከሚች ጄራድስ ጋር የሠራውን «ሚስተር ሚራክል» አንብብ፣ ከ2017 እስከ 2018፣ አሥራ ሁለት ቁጥር፤ አዎ፣ ያው የከርቢ ርዕስ። ገጾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘጠኝ እኩል ሳጥኖች ናቸው፣ ሦስት በሦስት። ከማንኛውም እስር ማምለጥ የሚችለው ሰውዬ ከዚያ ፍርግርግ መውጣት አይችልም። ባልና ሚስቱ ስለ ቤት እድሳት እያወሩ ጠባቂዎችን እየጣሉ ያልፋሉ፤ ሳጥኑ አይሰፋም አይጠብም። በመሃል አንዱ ሳጥን ድንገት ሙሉ በሙሉ ይጠቁርና በነጭ ፊደል «ዳርክሳይድ አለ» ይላል፤ ዳርክሳይድ የታሪኩ ዋና ክፉ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ሳጥን እየበዛ ገጹን ይውጠዋል። የሰውዬው ጭንቀት በንግግር አይነገርህም፣ በሳጥኑ ቆጥረህ ታገኘዋለህ። ይህ የኪንግ ብቻ ሥራ ነው የሚል ካለ የጄራድስን ፊቶች አላየም፤ ዘጠኝ ሳጥን ሙሉ አንድ ፊት በጥቂቱ ሲለዋወጥ ማሳየት ያለ እሱ አይሆንም። ስታን ሊን የሚመስለው ፈንኪ ፍላሽማንም እዚያ ብቅ ይላል፤ በዚህኛው ሕፃን ጠባቂ ሆኖ።

ኪንግ ላይ የማስታወቂያው ጦስ የደረሰው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2018 እሱ የጻፈው የባትማን 50ኛ ቁጥር «ሠርጉ» ተብሎ ለወራት ተለፈፈ። መጽሐፉ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ኒውዮርክ ታይምስ ሠርጉ እንደማይፈጸም በርዕሱ ላይ ጻፈው፤ ለሠርግ ድግስ የተዘጋጁ ሱቆች ነበሩ። ሰው የተሳደበው ኪንግን ነው። ስለዚህ በጸሐፊ ስም የሰማኸው ጩኸት ሁሉ ከጸሐፊው አፍ የወጣ እንዳይመስልህ።

    

ከእኛ ወገን ደግሞ በ2018 በኢታን ኮሚክስ የወጣውን «ጀምበር»ን ተመልከት። ከሁለት ወር ቀድሞ የሚሞላ የትዕዛዝ ካታሎግም ሆነ ኮሚክ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አዲስ አበባ ላይ እንደ አሜሪካ የተለመደ አይደለም። በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሱፐርሂሮ ብሎ፣ ፈጣሪው ራሱ በየመድረኩ እየዞረ ባይናገር ማን ይናገርለት ነበር? እዚህ ላይ «ራሱን ያስተዋውቃል» ብሎ መክሰስ ነውር ነው።

በምን ይለይ ላልከው፣ እኔ አዲስ ጸሐፊ ስመዝን የማደርገውን ልንገርህ። ከአንድ ጸሐፊ በሁለት የተለያዩ ሠዓሊዎች የተሠሩ ሁለት መጽሐፎች እወስዳለሁ። በሁለቱም ውስጥ የሚደገመው ጥሩ ነገር የጸሐፊው ነው፤ በአንዱ ብቻ ያለው ምናልባት የሠዓሊው ነው። ከዚያ አንድ ገጽ መርጬ አረፋዎቹን በጣቴ እሸፍናለሁ። ታሪኩ ያለ ንግግር ከገባኝ ሠዓሊው ሸክሙን ተሸክሟል። አረፋውን ስከፍተው ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ከጨመረልኝ ጸሐፊውም ሠርቷል፤ ሥዕሉ ያሳየውን ከደገመልኝ ቦታ እየበላ ነው። የሚላርን ይህን ብታደርግበት ከምትጠብቀው በላይ ንግግሩ ጥቂት ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ለሠዓሊ ቦታ መልቀቅ ያውቃል።

ቃለ ምልልሱን ደግሞ ከመጽሐፉ በኋላ አንብበው እንጂ በፊት አይሁን። ስታነበው ሠዓሊው ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደተነሳ እይ። ጨርሶ ካልተነሳ፣ ጠያቂው ባይጠይቅ እንኳ ጸሐፊው ማንሳት ይችል ነበር።

የአጎትህን ልጅ ለማሳመን ከኪክ-አስ አትጀምር፤ ደሙን አይቶ ይዘጋዋል። ሬድ ሰንን ስጠው፤ ኪንግን ከጠላ ደግሞ ሚስተር ሚራክልን አስከትል። ሁሉንም ቁጥሮች በአንድ ላይ በያዘው ጥራዝ ብትገዙት ይሻላችኋል፤ ታትሞ ያለቀ ስለሆነ ቀድሞ ማዘዝም አያስፈልገውም።